ልብስ አስገቡ

ለእታለሜ፣ ለሁለተኛዋ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም በቅባት እያባበልሽው ነው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ድመት የምታበዛው ጎረቤትሽ እንኳ ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ ከግራ እጄ የቀለበት ጣት በስተቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ስለ ጣቴ እደርስበታለሁ። እማዬም በአካሏ ደህና ናት፤ አኩርፋኛለች እንጂ።

ስልክ እያለ ወረቀት መያዜ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ በለቅሶዬ፣ ግማሹ በለቅሶሽ ያልቃል። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የወንድምጋሼ ሚስትና ልጃቸው ሚጢጢ ከእሱ ሸሽተው፣ እኔ በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። እሱ ቤቴን ሁለት ጊዜ ፈትሿል፤ አንዴ አልጋዬን ገልብጦ፣ አንዴ በሬን በእርግጫ ሰብሮ። አዲሱን የሥራ ቦታዬን ግን አያውቀውም፤ ዛሬም ከፋብሪካው ያልወጣሁ ይመስለዋል። እማዬም አታውቅም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እሱ ደግሞ መደወሉ አይቀርም፤ እታለም ብሎ ሲያለቅስብሽ ሆድሽ እንደማይችል ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ለሰርግ ወደ አክስታችን ዘንድ ስንሄድ ነው። ያገባችው የመጨረሻ ልጇ ናት፤ ስታዝያት ጀርባሽ ላይ የምትሸናብሽ። አምስት ሆነን በሚኒባስ ሄድን፤ እማዬ፣ ወንድምጋሼ፣ ሚስቱ፣ ሚጢጢና እኔ። መንገዱን ሁሉ ወንድምጋሼ ሲያስቀን ነው የዋለው። ታውቂው የለ፣ ሲጥመው ማር ነው። ለእማዬ ትራስ፣ ለእኔ ብርቱካን፣ ለልጁ ከረሜላ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው የወለዱት እናቴ አላት። እማዬ በኩራት ቀና ብላ ተቀመጠች። ሚስቱ እሱ ሲስቅ ትስቃለች፣ እሱ ሲያቆም ታቆማለች። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጢጢ ያደግንበትን ትይልኝ ብሎ ወደ ድሮው ቤታችን ወሰደን። አባባ ይሠራበት የነበረው ወፍጮ ቤት የፍራሽ መጋዘን ሆኗል። ቤታችን ግን ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ አለ፤ አሁን ጫማ ሰፊ ተከራይቶታል። ደግ ሰው ነው፤ ግቡ ግቡ ብሎ ቆዳውንና መዶሻውን ከመንገዳችን አነሳልን። እታለሜ፣ የዱቄትና የናፍታው ሽታ እንኳ አልለቀቀም። ያን ግድግዳ በእጄ ስነካው ይንቀጠቀጥ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አባባ ሞተሩን አስነስቶ፣ እህል ማፍሰሱን ለባልደረባው ትቶ አልነበር ወደኛ የሚመጣው? ነፍሱን ይማር እንዳልል አፌ እምቢ ይለኛል። ወፍጮው ሲያጓራ ብንጮህ ማን ይሰማናል! ጎረቤት የሚሰማው እህል ሲፈጭ ነው።

እማዬ የአባባን አረማመድ በመስኮት አይታ ልብስ አስገቡ የምትለን ትዝ ይልሻል? እሱ ቢሰማም የተሰጣ ልብስ ይመስለዋል። እኛ ግን ጫማችንን አውልቀን፣ እንዳይንኳኳ በእጃችን ይዘን፣ በጓሮ በር ወደ ጆንያዎቹ ኋላ። አንድ ቀን ወንድምጋሼ እግሩ ተሳስሮ ሲቀር ልታወጪው የተመለስሽው አንቺ ነሽ፤ አባባ ፀጉርሽን ይዞ ፊትሽን ከበሩ ደፍ ጋር ያጋጨውም ያኔ ነው። እሱን በእጅሽ፣ ጥርስሽን በአፍሽ ይዘሽ ወጣሽ። ደፉ ዛሬም ያው ድንጋይ ነው። ወንድምጋሼ በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎት፣ እዚህ ጋ ነው እታለም ጥርሷን የተከለችው፣ እስካሁን አልበቀለም ብሎ ሳቀ። ወንድ ያደረገኝ ይህ ቤት ነው፣ ሰው ያለ ዱላ አይቃናም ብሎም ጨመረበት። ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ። እኔ በዚህ ረዥም ምላሴ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

እሁድ ሰርጉ ሆነ። በአክስታችን ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ትልቅ ጀነሬተር እያጓራ፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ሰብስቦ ካልሳቃችሁ አላነሳም ብሎ ቀለደ። የወንድማችን ሚስት ሳቀች። ሁላችንም ስቀናል፤ የሷ ሳቅ ግን ትንሽ ረዘም አለ። ወንድምጋሼ ብርጭቆውን አስቀምጦ የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ልክ እንደ አባባ። እሷም ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ ጎንበስ ብላ፣ ሚጢጢ፣ ልብስ አስገቢ አለቻት።

በሰርግ ድንኳን ውስጥ ምን የተሰጣ ልብስ አለ? የሰባት ዓመቷ ልጅ ግን ኬኳን ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በጠረጴዛው ሥር ሹልክ አለች። ጉዱን ልንገርሽ? እኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በሰርግ ልብሴ፣ ሳላውቀው ባለ ተረከዝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይባስ ብሎ አክስታችን ሰምታ ኖሮ፣ ወይኔ ዝናብ መጣ ብላ ሦስት ሴቶች አስከትላ የጠረጴዛ ጨርቅ ልትሰበስብ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰው ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር። ቀና ስል ወንድምጋሼና ሚስቱ የሉም።

የት እንደሄዱ ጠይቄ አይደለም ያወቅኩት፤ እግሬ ሞተሩ ወደሚያጓራበት ወሰደኝ። ከጀነሬተሩ ጀርባ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ከውሃ በርሜሉ ጋር ያጋጫታል። አፏ ተከፍቶ ይታየኛል፣ ድምፅ የለም። ሁለቴ ሲያጋጫት ቆሜ አየሁ፤ አልዋሽሽም፣ እንደ ልጅነቴ ደርቄ። በሦስተኛው ሄጄ ጀነሬተሩን አጠፋሁት።

እታለሜ፣ ያን ዝምታ ብታይው! ሙዚቃው መሃል ላይ ተቆረጠ፤ በሱ ቦታ የሷ ጩኸት ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ወፍጮውን የሚያጠፋልን አጥተን፣ አሁን ሁለት መቶ ሰው ሰማ። ወንድምጋሼ ለቀቃትና ሊያስነሳው መጣ። ማስነሻውን አልለቅም ስል የቀለበት ጣቴን ወደ ኋላ ቆልምሞ ቀጭ አደረገው። እኔም በሌላው እጄ የወጥ ቤቶቹን የብረት ጭልፋ አንስቼ ግንባሩን አልኩት። ነጭ ሸሚዙ ላይ ደም ሲወርድ ደስ አለኝ። ደግሜ መታሁት፤ አሁንም ደስ አለኝ። ሦስተኛውን ያስጣሉኝ ሚዜዎቹ ናቸው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት እሱን ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ እጄ የአባባ እጅ ነው፣ ከዚያ ወዲህ መቀስ ስይዝ እንኳ እፈራዋለሁ።

ይህ ሁሉ ግን እንደ እማዬ ቃል አላመመኝም። እየሮጠች መጣች፤ ምራቷ ጆሮዋ ደምቶ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ የኔ ጣት ተንጋዷል፣ የልጇ ግንባር ተተርትሯል። ማናችንንም አላየችም። ወደ ጀነሬተሩ እያመለከተች፣ ምነው ልጄ አብሪው እንጂ፣ ሰው እኮ ሰማ አለችኝ።

ማታ በአክስታችን ጓዳ፣ ምራትሽን ያንን ቃል ማን አስተማራት ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። አላፈረችም። እኔ ነኝ፣ ሚጢጢን ያረገዘች ጊዜ፣ ምን ሌላ የምሰጣት ነበረኝ፣ እናንተን ያተረፋችሁ እሱ አይደል ወይ አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ብላም ተረተችብኝ። እኔ ወፍጮ ቤት ሥር ያደግኩ ነኝ፣ ዝምታም ይነቅዛል፣ ይኸው ዱቄቱን እያየሽው ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እንዳልጠላት፣ ያላትን ነው የሰጠቻት፤ እንዳልምራት፣ ልጇ አባባን ሲሆን እያየች ዝም አለች። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ምን እንደማደርጋት አንቺ ንገሪኝ። ሊነጋ ሲል ሚስቱንና ልጁን ይዤ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት አሮጊት መበለት ናቸው። ሲያዩን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ በጓሮው ክፍል በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠሙ። የወንድማችን ሚስት የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፣ እኔ በተሰበረ ጣቴ እሰፋለሁ፤ እርስ በርሳችን መሳቅ ጀምረናል። ደህና እየሆንን ነው ስል ግን ባለፈው ሐሙስ ጥፋት አጠፋሁ። የደንበኞች ልብስ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ድንገት እውነተኛ ዝናብ መጣ። እኔ ከንቱ፣ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ልብስ አስገቡ ብዬ ጮህኩ። ሚጢጢ ጠፋች። ሦስታችን ሰፈሩን ስናስስ ቆይተን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያዎቹ ኋላ አገኘናት፤ ጫማዎቿን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ሽንቷ አምልጧት፣ ትንፋሿን ይዛ። ዝናብ ነው እኮ የኔ እናት አልኳት። አላመነችኝም፤ እጇን ይዤ ወደ ደጅ አውጥቼ እስክትበሰብስ አቆምኳት። ልብሱም አብሮን በሰበሰ። እትዬ መበለቷ በመስኮት አይተው፣ ተዉት ይበስብስ፣ ነገም ፀሐይ አለ አሉ።

እንግዲህ ሲደውልልሽ ማልቀሱ እውነት ነው፤ ሲያለቅስ አይዋሽም፣ ሲመታም አይዋሽም። አንቺ ከደፉ ላይ ያነሳሽው ሕፃን ነው የሚታይሽ፤ ለኔም እንዲያ ይታየኛል፣ ይናፍቀኛልም። ግን ዛሬ ከጆንያው ኋላ ያለችው ሌላ ሕፃን ናት። ጥርስሽን የከፈልሽላት ያህል አድርገሽ ዝም በይልኝ። ይህቺኛዋ ዝምታ አትነቅዝም።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ጫማው ዛሬም በሶምሶማ ያልቃል ወይ ብላለች በይው። ትልቋ ልጅሽን ጉንጯን፣ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። የድመቷን ሴትዮም አትርሺ። የወንድማችን ሚስት እጅ ነስታለች፤ ጆሮዋ ድኗል። እትዬ መበለቷም ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል። ሚጢጢ ደግሞ በእናንተ አገርም ልብስ ይገባ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች። አይገባም ብያታለሁ። ውሸታም አታድርጊኝ።

ታናሽሽ

ከስፌት ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ግንቦት 12 ቀን