ያልተንቀሳቀሰች ቀስት

ለተከበሩ የሕንፃ ንድፍ ክፍል ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ በተለይ ቀስቶቻችንን ሲከታተሉ የሚውሉት ዓይኖችዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

እንደሚያስታውሱት፣ ሁላችን በየኮምፒውተራችን ሆነን አብረን የምንስልበትን የጋራ ሰሌዳ ስሠራ፣ በባዕድ ድርጅት ሳይሆን በራሳችን ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ብዬ የተሟገትኩት ማንም ከውጭ አጮልቆ እንዳያየን ነበር። ስለ ውጭው ስጨነቅ የውስጡን ረሳሁት። የእያንዳንዳችንን ስም ይዛ ማውሳችንን የምትከተል ባለቀለም ቀስት በሰሌዳው ላይ እንድትታይ ያደረግኩትም ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ እንዳይጋጭ ብዬ ነው፤ እርስዎ ግን የላቀ ጥቅም ስላገኙላት፣ ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ቀስቱ የቆመችበት ሠራተኛ ሥራ ፈት ነው የሚለውን ግኝትዎን አደንቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ባልደረባችን ማውሱን ከጠረጴዛ ማራገቢያው ጋር በክር አስሮ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። የትጋት ምስጋናውን ለባልደረባችን ስለሰጡት ማራገቢያው ቅር እንዳይለው እሰጋለሁ።

፪. እትዬ እርሳስ የምንላቸው አንጋፋዋ ነዳፊያችን፣ በወረቀት ስለው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ስለው ሲረኩ ብቻ ነው ወደ ሰሌዳው የሚመጡት። አሁን የምንነድፈው ክሊኒክ በር ለበሽተኛ አልጋ እንደሚጠብ ያዩትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን «እኔ የማስበው እጄ ሲቆም ነው ልጄ» ብለውኛል። እርስዎ ግን ቀስታቸው ጥግ ላይ ቆማ ስለምትውል፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ እንዲሰናበቱ ወሰኑ። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ በሽተኞቹ በእግራቸው ይገባሉ።

፫. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። የቀስቶቹን እንቅስቃሴ አውጣልኝ ሲሉኝ፣ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ በሰንጠረዥ አሰናድቼ፣ ቀለሙን ሳይቀር አሳምሬ ሰጠሁዎ። ጎበዝ ሲሉኝም ደስ አለኝ። ትናንት እትዬ እርሳስ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ ሲከቱ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሰንጠረዡን ማን እንዳወጣው ስለማያውቁ፣ ሰሌዳህ ጥሩ ነበር ብለው አመሰገኑኝ። ያቺ ምስጋና እስካሁን ደረቴ ላይ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ውሳኔዎን እንዲሽሩ በትሕትና እለምናለሁ። የማይሆን ከሆነ ግን የእኔንም መሰናበቻ ከእሳቸው ጋር ይፈርሙልኝ፤ እሳቸውን ያስወጣቸው የእኔ ሥራ ነውና።

እጁ ፈጥኖ፣ ጭንቅላቱ ዘግይቶ የደረሰ፣
ታዛዥነቱ ያሳፈረው አገልጋይዎ፣
የሰሌዳው ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት ሁላችንም በምናየው የጋራ ሰሌዳ መሃል ላይ ነው። እርስዎ እያነበቡ ሳለ ቀስትዎ ቆማ ትታየናለች። አይጨነቁ፣ እያሰቡ ነው ብለን እንገምታለን።