የቦቃን ስም ስላለመስጠት

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በከብት ስም ስለተያዘው መዝገብ፣ ስለተወሰደብኝ ቦርሳና የሰው ስም ዝርዝር አምጪ ስለመባሌ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ባለፈው ሐምሌ ቀበሌያችንን ሲጎበኙ ጉልበታቸውን አሟቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸው ጎረቤቴ እማማ ደመቀች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። ያኔ ያሰጧቸውን ቅባት ግማሹን ለጉልበታቸው፣ ግማሹን ለጥጃቸው እግር አድርገውት ሁለቱም ድነዋል። ታናሽ ልጃቸው ጋሸና ምግብ ቤት ከፍታለች። ትልቁ ደግሞ መንታ ተወልዶለት በስም ጉዳይ ከሚስቱ ጋር እስካሁን አልታረቀም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ወሬ አምሮኝ አይደለም፤ የጉዳዩ መነሻ እማማ ደመቀች ስለሆኑ ነው። ስማቸውን እንድጽፍም ፈቅደውልኛል። ከዚህ በታች በስማቸው የማይጠሩት ሰዎች ግን አልፈቀዱልኝም።

1. እኔ አመልካች ሰብሌ አረጋ በጥድ በር ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ መተዳደሪያዬ ሹሩባ መሥራት ሲሆን ላለፉት ሰባት ዓመታት የመንደራችን የጤና በጎ ፈቃደኛ ሆኜ አገልግያለሁ። መንደራችን ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድ ዳር ናት። የጭነት መኪና ያድርባታል፤ መኪና ካደረ ሹፌርም ያድራል፤ የቀረውን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ሲሆን የመመርመሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ፊቱን ወደ ገበያ አዙሮ ተቀምጧል። እዚያ የተቀመጠች ሴት ውጤቷን ሳትሰማ ገበያው ይሰማላታል።

2. የዛሬ ሁለት ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። አለቃቸው ዶክተር ማኅሌት እንደሌሎቹ ጠይቃ አልሄደችም፤ ሴቶቹ ስለ ኤች አይ ቪ ደፍረው የሚያወሩት የት ነው አለችኝ። እኔም ጉልበቴ ላይ አልኳት። ሹሩባ የምሠራላት ሴት ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ እኔ የማየው ማጅራቷን ነው፤ እንደዚያ ሆና የማትናገረው የለም። ከዚያ ወዲህ ራስን በራስ መመርመሪያው ኪት ወደ እኔ ቤት ሆነ። ሴቲቱ ጓዳ ገብታ ድዷን ጠርጋ ትመለሳለች፤ እኔ ሰባት ጉንጉን ስጨርስ ውጤቱ ይደርሳል። ለባሏም አንድ ይዛ ትሄዳለች። ቀድሞ በዓመት ዘጠኝ ሰው ይመረመርበት በነበረው መንደር ባለፈው ዓመት መቶ አርባ ሦስት ሰው ተመርምሯል።

3. መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎቹ ስም እንዳይጻፍ ብለው ለእያንዳንዱ ሰው ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር በወረቀት ሰጥተው ነበር። ወረቀቱን ሁሉም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ነጠላ ደግሞ በማኅበር ቀን ይለዋወጣል። በዚህ የተነሳ በአንዲት እርጉዝ ቁጥር ስልካቸው ተመዝግቦ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ለሆናቸው ለእማማ ደመቀች ከጤና ጣቢያ ተደውሎ የእርግዝና ክትትል ቀንዎ አልፏል ተባሉ። እሳቸውም፣ ሣራም በእርጅናዋ ወልዳለች፣ ግን እሷ አብርሃም ነበራት፤ የእኔው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ብለው ስልኩን ዘጉ።

ለእሳቸው ሳቅ ሆነ። ያቺ ሊደወልላት ይገባ የነበረችው ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ሳይደወልላት ቀረ።

4. ስለዚህ ተመራማሪዎቹና እኛ በጎ ፈቃደኞች አብረን ተቀምጠን መከርን። መፍትሔውን ያመጡት እማማ ደመቀች ናቸው። ልጆቼ፣ ቁጥር ይረሳል፣ የገዛ ላሟን ስም የምትረሳ ሴት ግን በላስታ የለችም አሉ። ዶክተር ማኅሌት ስቃ ስታበቃ ጻፈችው፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም አጽድቆታል (ደብዳቤው ተያይዟል)። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በመረጠው ከብት ስም ተመዘገበ፤ ዳለቻ፣ ጉራቻ፣ ጠጄ፣ ቡሬ። ሁለት ቡሬ ሲመጣ አንዱን ቡሬ ዘወንዝ ማዶ አልነው። ማን ማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም። እኔ ብታመም እንኳ እያንዳንዱ ከብቱን ያውቃል።

5. ጥቅምት 18 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ለድጋፋዊ ክትትል የተላኩ ባለሙያ መዝገቤን ከፈቱ። ጥፋቴን አልክድም፤ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው፣ «ጉራቻ ሁለት ወሰደ፣ አንዱን ለጎረቤት በሬ» በሚለው ላይ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ቢነግሩኝ አስተካክል ነበር። እሳቸው ግን የመንግሥትን መዝገብ በከብት ስም አርክሰሻል ብለው ከሥራ አገዱኝ፤ ሠላሳ አንድ ኪት ያለበትን ቦርሳዬንም ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ቦርሳው የሚመለሰው የሁሉንም ሙሉ ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ሳቀርብ እንደሆነ በደብዳቤ ተገልጾልኛል። ደብዳቤው ገና እጄ ሳይገባ ወሬው ወፍጮ ቤት ደርሶ ነበር።

6. ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያለውን ቢስቁበት አይከፋኝም፤ ይህን አንቀጽ ግን እንዳይስቁበት እለምናለሁ። በመዝገቡ ላይ ቦቃ የምትባል አለች። በምርመራዋ ሁለት መስመር ወጥቷል። እርጉዝ ናት፤ በሀገሩ እርጉዝ ብዙ ስለሆነ ይህን መጻፌ ማንነቷን አይገልጥም። ስንተኛ ወሯ እንደሆነና የማን ሚስት እንደሆነች አልጽፍም። ውጤቱን አረጋግጣ መድኃኒት በጊዜ ከጀመረች ልጇ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን ልንሄድ ተቃጥረን ነበር። ስም ሊሰበሰብ ነው የሚለው ወሬ እሑድ ተሰማ፤ ሰኞ መንገድ ዳር ስጠብቃት ዋልኩ፣ አልመጣችም። አሁን ሳገኛት ነጠላዋን ተከናንባ ታልፈኛለች። ከቀረች ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ማኅፀን የጽሕፈት ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም።

7. ስለዚህ፦
ሀ) ስም አምጪ የሚለው ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲነሳልኝ፣ ጽሑፉም ቦቃ እንድታየው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፤
ለ) ኪቶቹ በጥር ወር ጊዜያቸው ስለሚያልፍ ቦርሳዬ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስልኝ፤
ሐ) የከብት ስም የሚያሳፍር ከሆነ የአበባ ስም ብታዙንም አንቃወምም፤ እማማ ደመቀች ግን አበባ ይረግፋል ብለዋል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሰው እየመጣ ሥራ አስፈትቶኛል። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ለጸሎተ ማዕድ ገብተው ጉዳዩን ቢሰሙ፣ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ስም ዝርዝር አቅርቡ ብባል ኖሮ ማን ይናዘዝልኝ ነበር አሉ። እማማ ደመቀች ደግሞ ወንዝ ላይ ቦቃ ነኝ ብላ የቀረበቻቸው ሴት፣ ሰብሌ ስሜን ሰጠች ወይ ብላ እንደጠየቀቻቸው ነገሩኝ። አልሰጠችም፣ አትሰጥምም ብለዋታል። እሷም ይህን በወረቀት ልየው አለች።

በመጨረሻ የመጡት የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ናቸው። ቀኑን አልጽፍም። ወንድ ይሁኑ ሴት እንዳይለይ በአንቱታ እጽፋለሁ፤ አክብሮቱም የሚገባቸው ናቸው። ኪት ፈልገው ነበር፣ ለጓደኛዬ ነው አሉ። ሁሉም ሲጀምር ለጓደኛው ነው አልኳቸው። የእኔማ እናንተ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ብላቸው፣ አውቃለሁ፣ ከወንበሬ አሥር እርምጃ ነው፤ ግን ለማውጣት ሙሉ ስም ጽፎ መፈረም አለ አሉኝ። ከብት አለዎት ወይ ብላቸው፣ ከተማ ውስጥ የት ላስራት አሉ። እዚያው የነበሩት እማማ ደመቀች አዝነው የሞተችውን በቅሏቸውን ስም አበደሯቸው፤ እንግዲህ ዳማ ናቸው። ዝርዝሩ የግድ ይቅረብ ከተባለ ዳማም አብረው ይቀርባሉ።

ቦርሳዬ ስለሌለኝ በባዶ እጃቸው ሸኘኋቸው፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብለዋል። በር ላይ ቆመው፣ ወይዘሮ ሰብሌ፣ ስሜን ለማንም አትሰጪም አይደል አሉኝ። እሱኑ ለኃላፊዎ እየጻፍኩ ነው ብዬ ይህን ወረቀት ሰጠኋቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ የእኔንም መምጣት ጨምሪበት፣ ስሜን ብቻ ተዪው አሉ።

ቅዳሜን በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰብሌ አረጋ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ፣ 2 ገጽ
ግልባጭ፦ ለዶክተር ማኅሌት፤ ለእማማ ደመቀች (በቃል ተነብቦላቸዋል)