በሣር ቆጠራው ሲባጎ ላይ ስለተቆፈረው እርከን

ለተከበሩ የጨፌ ወንዝ ተፋሰስ እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ የመኪናዎ ነዳጅ እንዳያልቅ፣ ስብሰባዎም ለምሳ ሰዓት እንዲደርስ ዱዓዬ ነው። እኔ ከጎብዬ በታች ጨፌ ዳር የምኖር፣ የወንዙን ሣር አጭጄ አንዲት የወለደች ላም በጓሮዬ የምቀልብ፣ ቤቴንም በወተቷ የማስተዳድር ሴት ነኝ። ጊዜዎን ከወሰድኩ አውፍ ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው እፀገነት የወንዙን ዳር ሣርና ቅጠል ዓይነት በዓይነት ልትቆጥር በችካልና በሲባጎ አራት ማዕዘን ስታበጅ፣ ማንም እግሩን እንዳያስገባ በስብሰባ ስላስጠነቀቁን እናመሰግናለን። እኛ ዶሮ እንኳ አላስገባንም። ልጅቱ በአንዲቱ ካሬ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ቆጥራ፣ የአገር ስማቸውን ከእኔ እየጠየቀች ስትጽፍ፣ ሰርዶና ቀጠማ መለየቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቀት ተባለልኝ።

ሁለተኛ፣ በጥር ለተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ዶማ ይዘን ወጣን። በእኛ አገር ችካልና ሲባጎ ካለ የእርከን ቅየሳ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃልና የቡድን መሪያችን ገዛኸኝ የእፀገነትን ሲባጎ ሲያይ፣ ቀያሹ ሥራውን ጨርሶልናል ብሎ ደስ አለው። ይህስ የሣር ቆጠራው ነው ብል፣ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ልትበልጪ ነው ወይ ተባልኩ። እርስዎም በክብር ተገኝተው የመጀመሪያውን ዶማ አሳርፈዋል፤ በፎቶው ላይ በጣም አምሮብዎታል። አልዋሽም፣ እኔም ቆፍሬያለሁ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ። እፀገነት ተመልሳ ስትመጣ፣ ሲባጎዋ በነበረበት የእርከን ቦይ አፋፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሣሩ የጠፋው በሰው ንክኪና በልቅ ግጦሽ ነው የሚል ሪፖርት አውጥቶ፣ የወንዙን ዳር በሽቦ አጥሮ፣ ማጭድ ይዞ መግባትን ከልክሏል። ሰው ተብለን መመዝገባችን ቢያኮራንም፣ የመጀመሪያውን ዶማ ያሳረፈው ሰው ከዝርዝሩ መዘለሉ ግን በእርስዎ ፈንታ ቅር አሰኝቶኛል።

አራተኛውን ቅሬታዬን ባለቤቴ ውዱ ለደኅንነቴ ሲል እንድተወው ስለመከረኝ ወደ ልመናዬ አልፋለሁ። ዳሩ ከታጠረ ወዲህ ላሜ ደረቅ የማሽላ አገዳ እያኘከች ወተቷ ጠፍቷል፤ ጥጃዋ ቆሞ መሄድ ተስኖታል። በዚህ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና እየጻፍኩም ቢሆን ተናድጃለሁ። ስለዚህ በቀን አንድ ሸክም ሣር እንዳጭድ ይፍቀዱልኝ። ማጭድ ሥር አይነቅልም፤ ሥር የሚነቅለውን እርስዎ በእጅዎ ይዘው ስላዩት አላብራራም።

ለአንድ ቀን ዶማ ለጨበጡት እጆችዎ ዕረፍትን፣ ለፎቶ አንሺዎም ረጅም ዕድሜን በመመኘት፣ በሪፖርትዎ ተራ ቁጥር አንድ ላይ የሰፈረችው የሰው ንክኪ፣

ሰይዳ ኡበይድ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ሦስት ጊዜ ብመላለስ፣ ሦስቱንም ጊዜ ለሣር አጠባበቅ ሥልጠና ሄደዋል ተባልኩ። በመካከሉ ጥጃው ሞተ፤ ላሚቱንም ቆቦ ገበያ ወስጄ ሸጥኳት። እንግዲህ ፈቃዱ ይቅርብኝ። በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ግን በተፋሰሱ ላይ የነበረው ጫና በአንዲት ላምና በአንድ ጥጃ ቀንሷል ብለው ያስጽፉልኝ፤ ይህኛው እንኳ እውነት ነው።