ከፋሲካ በኋላም ጎመን

ሚያዝያ 9 ቀን 2016
ልብስ አጠብኩ። ነፋሱ አቧራውን መልሶ አለበሰው። ልጄ ነቢዩ የመኪናውን ጭነት አይሻ ከተማ አራግፎ ገባ። ራሴን አመመኝ አለ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ… አባቱም በዚህ ነው የሄደው።

ሚያዝያ 11
ነርሷ ናስትሆ፣ ምግብ የሚሠራልህን ሰው ይዘህ ና ብላው አብሬው ሄድኩ። ኤዶ ትለኛለች፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለቷ ነው። ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይውሰድ፣ ሥጋና ቅቤ ይተው፣ ጨውና ዘይት ቀንሺ አለችኝ። ምስር፣ ባቄላ፣ አትክልት…
"እናንተ እኮ ታውቁበታላችሁ፣ ኤዶ። አሁን በጾም የሚበላውን ከፋሲካ በኋላም ይብላ።"
 ለባሌ ለኃይለልዑልም ይህንኑ ብለውት ነበር። ሁለት ወር ለጾመ ሰው ጎመን አይቀርብም ብዬ፣ በቅቤ ያበደ ዶሮ ሰጠሁት። ሳምንት አልቆየም። ዶሮው ነው? እኔ ነኝ? ማን ይነግረኛል?

ሚያዝያ 13
ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያነበብኩት አልለቀቀኝም። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ይገድላል ይላል። ማንበብ ባልተማርኩ ያሰኛል።

ሚያዝያ 20፣ ሆሳዕና
የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው። ልጄን ጎመን ሳበላው በደል አይሆንብኝም?
"ጠዋት ቁርስ ይበላል?"
አዎ አልኳቸው።
"እንግዲያ ምኑን ጾመ? ስጪው።"

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ
ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። ነቢዩ ትሪውን አየ።
"እማዬ፣ ዛሬ እስር ቤት እንኳ ሥጋ አለ።"
ጎረቤት ሊሄድ ተነሳ። "አባትህን በእጄ…" አልኩ። አልጨረስኩትም። ተመልሶ ተቀመጠ። ጎረሰ። ጨው የለውም አለ።
የለውም።

ግንቦት 3
መንገድ ወጣ። በየምግብ ቤቱ ሩዝ በፍየል ሥጋ… ማን ያየዋል?

ግንቦት 12
ከአይሻ ደወለ። ፉል በላሁ አለኝ። አላመንኩትም። አብሮት የሚነዳውን ባሺርን አገናኘኝ አልኩት።
"እማማ፣ እውነቱን ነው። የሱን ድርሻ ሥጋ እኔ ነኝ የምበላለት።"
ሳቅሁ። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። እሱም የእናት ልጅ ነው… ምን አገባኝ ብዬ ስልኩን ልዝጋው?
"ባሺር፣ አንተስ ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?"
 ስትመለሱ ናስትሆ ዘንድ ሦስታችንም እንሄዳለን አልኩት። በሌላ እናት ልጅ ላይ እንዲህ አዝዤ አላውቅም።