የቀረው እጅጌ

ጥቅምት 4 ቀን 1995
ዝናብ። ያሰጣሁትን ቡና ሁለቴ አነሳሁ። ልጄ ህሊና ከቴፒ መጥታ አደረች። በጥር ታገባለች። የእናቷን ሣጥን ከፍታ ነጩን ቀሚስ አወጣች። ደረቱ ተጠልፏል፣ ቀኝ እጅጌውም። ግራው ባዶ። ባለቤቴ ማናልሞሽ እዚያ ላይ ሳለች ነው የሞተችው... ሁለት ዓመት ሆነ።
«ለመልሱ ሌላ እገዛለሁ አባዬ።»
«እናትሽ ለመልስሽ ብላ የጀመረችው እያለ?»
«ማን ይጨርሰዋል ታዲያ?»
«እኔ።»
ሳቀች። ሠላሳ ዓመት የቡና ጆንያ ሰፍቻለሁ። መርፌ ያቅተኛል?
«እስከ ገና ካልደረሰ እገዛለሁ» ብላ ሄደች።

ጥቅምት 6
የማናልሞሽን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። ክር፣ መቀስ፣ ጨርቁን የምትወጥርበት የእንጨት ቀለበት። መርፌዎቹ አንዲት የጨርቅ ኳስ ላይ ተሰክተዋል። ቀጫጭን። አንዱም አልዛገም። በዚህ እርጥብ አገር! የኔ የጆንያ መርፌ በሳምንቱ ቀይ ይሆናል። ኳሷን በምን ሞላቻት? ጥጥ እንዳይባል፣ ጥጥ እርጥበት ይይዛል...
ቀዩ ክር ሊያልቅ ነው።

ጥቅምት 9
ሻሚል ሱቅ። የማናልሞሽ መርፌ ለጣቴ አይሆንም።
«ስንት ቁጥር ጋሼ ከፈለኝ?»
ለካ ቁጥር አለው። «ትልቁን» አልኩ። ቀይ ክርም፣ ከሁሉ የደመቀውን።
«መጀመሪያ ውሃ ነክረው ይዩት፣ ቀለም እንዳይለቅ።»
«አውቃለሁ።»
አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ በነጭ ጨርቅ አሸሁት። ጨርቁ ቀላ።

ጥቅምት 10
ሌላ ክር ገዛሁ። አማን ከተማ ድረስ ሄጄ። ሻሚል እንዳያየኝ።

ጥቅምት 22
ትልቁ መርፌ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ወንፊት ሠራ። ተውኩት። በማናልሞሽ መርፌ ጀመርኩ። ክሩ ይፈታተላል፣ ይበጠሳል። የጆንያ ሲባጎ ሲያስቸግር ምን እናደርግ ነበር? ሰም። ከገበያ የጫካ ሰም ገዝቼ ክሩን አሸሁት። ቀጥ አለ! አራት አበባ ጠለፍኩ። ሳላወጣው፣ ከነቀለበቱ ሰቅዬ ተኛሁ።

ጥቅምት 23
ጉንዳን። እጅጌው ጥቁር ሆኖ ይርመሰመሳል። ሰሙ ማሩ በደንብ አልወጣለትም ነበር። ጉንዳኑን ሳራግፍ ነጩ ጨርቅ ላይ ቡኒ እድፍ። ዙሪያውን ደግሞ የቀለበቱ ምልክት።
ጆንያ ቢሆን ማን ያየዋል?

ኅዳር 1
ጎረቤቴ ቱርከያ ጋ ሄድኩ። ከማናልሞሽ ጋር አብረው ይጠልፉ ነበር፣ ባጥር ክር እየተዋሱ። ሴት ጥልፍ ልታስተምረኝ? ሦስት ጊዜ ከበሯ ተመልሻለሁ።
«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ አጥሩ ጋ ሲመላለሱ ሳምንትዎ።»
ቀሚሱን ስታይ አፏን ያዘች። ግን አልሳቀችም። የኔን አራት አበባ ፈታች። እድፉን በወረቀት ሸፍና የከሰል ካውያ አስኬደችበት፤ ሰሙን ወረቀቱ ጠጣው። የቀረውን በሳሙና።
«ሰም ለጆንያ ነው። ክሩን ከጣትዎ እስከ ክርንዎ ይቁረጡት፣ ከዚያ አይርዘም። ስድስት ፈትል ነው፣ ሁለቱን ብቻ ይለዩ። ሥራ ሲያበቁ ከቀለበቱ ያውጡት። መቀሱን ደግሞ ምን ነክቶት ነው?»
ቆርቆሮ ቆርጬበታለሁ። አልነገርኳትም።
ስለ ኳሷ ጠየቅኩ።
«ፀጉሯ ነዋ! ከማበጠሪያዋ ላይ እየሰበሰበች። ቅባት ስላለው መርፌ አያዝግም። አያውቁም እንዴ?»
ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖርን... አላውቅም።

ኅዳር 2
የኳሷ ስፌት በአንድ በኩል ላልቷል። ውስጡን አየሁት። ጥቁሩም አለ፣ ሽበቱም። መልሼ ሰፋሁት።

ኅዳር 19
ስድስት አበባ። ሁለቱን ቱርከያ አስፈታችኝ።

ታህሣሥ 26
አለቀ።

ታህሣሥ 28
ህሊና መጣች። ሁለቱን እጅጌ ጎን ለጎን ዘረጋች።
«ይሄኛው ያንተ ነው።»
«በምን አወቅሽ?»
«ጠብቋል። እንደ ጆንያ አፍ።»
«ልፍታው?»
«ንካውና ታያለህ!» አለች። ሌላ ቀሚስ አልገዛችም።

ጥር 21
መልስ። ለበሰችው። ለእንግዳው ሁሉ ግራ እጇን ስታሳይ ዋለች። «የጆንያው ጌታ!» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ።
ልትሄድ ስትል፣ «የእማዬን መርፌ መሰኪያ ልውሰዳት?»
ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ከዚያ ሰጠኋት፣ ከነመርፌዎቹ።

የካቲት 2
ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ፀጉር ቆራጩን ብርሃነመስቀልን ጠቅልልልኝ አልኩት።
«ምነው ጋሼ፣ መተት ፈሩ እንዴ?»
«መርፌ ልሰካበት።»
እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ሻሚል ጋ። «ለትራስ ልብስ የትኛው ቁጥር ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኩት። በደንብ አሳየኝ።
ፀጉሬ አጭር ነው፣ በጨርቁ ይሾልካል። ጨርቁን ደረብኩት። ቱርከያ ቅባት ጨመረችበት።
አምስት መርፌ ሰካሁ። ክረምት ሲገባ ይዝጉ አይዝጉ እናያለን።