አባትሽን «ጠብቅ» ያሉት ቀን

ኢኒስፌል፣ ኩዊንስላንድ
እሑድ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2009

ለምወድሽ ልጄ ለማይ ሶንግ፤

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አጎትሽ ቾንግ ነንግ ነው። ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት፣ እሱ ቀድሞ በስልክ የነገረሽን ከጆሮሽ እንድታወጪ ብዬ ነው። «ወንድሜን እንደ ንጉሥ ቀበርኩት» እንዳለሽ አውቃለሁ። በሬ ማረዱ እውነት ነው። ከበሮውም ሳያቋርጥ ተመትቷል። አባትሽ ግን ቤቱ አልገባም።

አንቺና ልጆቹ ደህና ናችሁ? የፈረንሳይ ብርድ ለቀቃችሁ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ሙዙ በቆመበት እየበሰበሰ ነው። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ስለ እሱ አትጠይቂኝ።

ሰው ሲሞት መንገዱን በዜማ የሚያሳየው እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ። ከሞተበት አንስቶ፣ የኖረበትን አገር ሁሉ በስሙ እየጠራ፣ ወደ ኋላ እየመራ፣ እንግዴ ልጁ እስከተቀበረበት ምሰሶ ያደርሰዋል። ነፍስ እንግዴ ልጁን፣ ያን የመጀመሪያ ልብሷን፣ ሳትለብስ አያቶቿ ዘንድ አትገባም። በዚህ አካባቢ ይህን ዜማ ከአባቱ የተማረ የቀረው ሽማግሌው ቻይ ያ ብቻ ነው።

አጎትሽ ከቻይ ያ ጋር የተጣላው ሰርግ ላይ ነው። ሽማግሌው ሲያዜም አጎትሽ ጠጥቶ፣ «ይኼ ሰው ነው ወይስ የሸንኮራ እርሻ እንቁራሪት? ዝናቡ መጥቷል በሉትና ዝም ይበል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቻይ ያ፣ «አንድ ቀን ይህች እንቁራሪት ታስፈልግሃለች» ብሎ ወጣ። እርቁ ቀላል ነበር፤ በወጋችን ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ መንበርከክ ነው። አባትሽ በሞተ ጠዋት አጎትሽን ለመንኩት።

«ቾንግ ነንግ፣ ስለ ወንድምህ ብለህ ተንበርከክ።»

«ለእሱ ከምንበረከክስ እንደ ሙዝ ልላጥ!»

«ታዲያ ማን ይምራው?»

«ከኬርንስ ልጅ አመጣለሁ። ዜማውን ከተቀዳ ድምፅ እየሰማ ጨርሶ ይዞታል። እንደዚያ ሽማግሌም አይንቋረርም።»

ልጁ መጣ። ቱ ሌንግ ይባላል። ጨዋ ነው፤ «አያቴ» እያለ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በእሱ አልፈርድም። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ እንግሊዝኛው ድምፁን ጠፍጣፋ አድርጎበታል።

በአባትሽ ራስጌ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ኢኒስፌልን በደንብ አለው። መጀመሪያ የወረድንባትን ሆባርትን አለ። የስደተኞች ሰፈሩን አለ። ስንሰደድ የተሻገርነውን ወንዝ መልሶ አሻገረው። እዚያ ላይ አለቀስኩ፤ ልጁ ጎበዝ ነው አልኩ። በመጨረሻ የትውልድ መንደሩ ቀረ፤ ቶ ሾንግ፣ የቀርከሃ ኮረብታ። በቋንቋችን «ቶ» ድምፁ ከፍ ብሎ ሲወርድ ኮረብታ ነው። ዝቅ ካለ ግን «ጠብቅ» ማለት ነው። ልጁ ዝቅ አደረገው። አባትሽን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ደጁ ድረስ ካመጣው በኋላ፣ «ቀርከሃውን ጠብቅ» አለው።

«ከፍ አድርገው! ኮረብታ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አጎትሽ ዞረብኝ። «እትዬ፣ የሙት መንገድ የሴት ጉዳይ አይደለም። አንቺ ዝንቡን ከልክይ።»

አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰምተዋል። ልጁ ተደናግጦ ደገመው፤ አሁንም ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ጨረሰ።

ከቀብር በኋላ ጠርሙስ ይዤ ራሴ ቻይ ያ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ብርጭቆ ቀድቼ ጭቃው ላይ በዚህ ጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«ተነሺ፣ ጁዋ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለኝ።

«ያቺን አንዲት ቃል ብቻ አስተካክልለት።»

«መንገድ የሚታየው አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ካዜምኩ ሌላ ነፍስ ተከትላ ትሄዳለች። የማንን ልስደድ?»

«የኔን ስደድ።»

ሽማግሌው አለቀሰ። ብርጭቆዎቹን ሳይነካቸው ወደ ቤቱ ገባ።

ነፍሱን ቤት ጠርተን በምንሸኝበት ቀን ደግሞ አጎትሽ ለሁለት የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ወርውሮ፣ «ወንድሜ፣ ሄደሃል?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ቢወድቅ እሺ ብሏል ማለት ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። «መሬቱ ወጣ ገባ ነው» ብሎ ምንጣፍ አስነጠፈ። እንደገናም በጀርባቸው። እንዲያ ሲል፣ ሲል፣ ምሳው ሲቀዘቅዝበት አንዱን በእግሩ ጣት ገለበጠውና «ይኸው፣ እሺ አለ!» አለ። ሰውም ሊበላ ተነሳ። «ቀርከሃውን ጠብቅ» የተባለን ሰው ቀርከሃ እንዴት ያሰናብተዋል?

በስተርጅና የቋንቋችንን ፊደል ሳጠና አስተማሪዬ፣ በቃላችን መጨረሻ የምትቆመው ፊደል አትነበብም፣ ድምፅን ብቻ ትመራለች ብላኝ ነበር። «ታዲያ ሥራ ፈት ናታ!» ብዬ ሳቅሁባት። ኮረብታንና «ጠብቅ»ን የምትለየው ያቺ ሥራ ፈት ናት።

ከሙዝ ማሸጊያው ጀርባ ያለውን ቀርከሃ አባትሽ ራሱ እንደተከለው ታስታውሺያለሽ። የሚጠብቀው እዚያ ነው ብዬ በየማታው ሩዝና የዱባ ቅጠል እያስቀመጥኩ፣ «ዋ ሜንግ፣ ና ብላ» እለዋለሁ። ጠዋት ሳህኑ ተልሶ አገኘዋለሁ። አይጥ መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ሳህኑን ሳነሳ ግን እጄ ቆመ። እኔስ ምን እያልኩት ነው? እራት የሚመጣለት ሰው መቼ ተነስቶ ይሄዳል? ምናልባት ቢርበው መንገድ ይጠይቅ ይሆናል። ምናልባት ከመንደራችን ሰው አንዱ ያገኘውና ቃሏን ከፍ አድርጎ ይነግረው ይሆናል። አላውቅም። የምጠይቀውም የለኝም፤ ቻይ ያ ሳል ጀምሮታል።

ልጆችሽን፣ ሌላው ቢቀር፣ ይህችን ቃል አስተምሪልኝ። ከፍ ብላ ስትወርድ ኮረብታ፣ ዝቅ ስትል ጠብቅ። በስልክ ይበሉልኝ፤ እኔ አርማቸዋለሁ። አንድ ቀን እኔንም በዚያው መንገድ የሚመራኝ ያስፈልገኛል።

ነፍስሽ ከአካልሽ አትራቅ። ሩዝሽ አይጉደል። ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ ስምሽን አስተካክሎ ይጥራሽ።

ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ ቀቅያለሁ። ከእንግዲህ አባትሽን ና ብላ ብዬ አልጠራውም።

እናትሽ ጁዋ