እትዬ አልማዝ በገዛ አንገታቸው

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም ሁለት ሰው ሱፍ አለበስኩ። ሁለቱም ሞተዋል።

ደብተር፣ ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ግን ተናድጃለሁና እንደ አዲስ ስማኝ። ፎቶ ቤት። ፒያሳ፣ ደረጃው የሚንቋቋው ፎቅ። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ጉርድ ፎቶ ይዞ ይሮጣል፤ የመታወቂያ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የተገኘውን። ቀብር ሳይደርስ ትልቅ ሆኖ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ለቅሶው ፊት መያዝ አለበት። ሟቹ በሹራብ ከተነሳ ሱፍ አለብሰዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሱፍ አንድ ነው፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት የጋሽ በላቸው የሰርግ ሱፍ። ግማሽ አራዳ በሳቸው ሱፍ ተሸኝቷል። ለሴቶቹም አንድ ነጠላ አለ፤ ከአንዲት የጎንደር እናት ፎቶ ላይ ከነአንገቱ የተቆረጠ። አንገቱ ንቅሳት አለው። በየጊዜው ንቅሳቱን አጠፋለሁ፣ ከላይ የሟቿን ፊት እገጥማለሁ። አለቀ።

ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ኋላ ደግሞ የኔ ዓለም። ሸራ፣ ቀለም፣ ጠባብ መስኮት። አራት ኪሎ ያለው አዳራሽ ለወጣቶች ኤግዚቢሽን አንድ ሥራ አምጪ ብሎኛል። አንድ። ወሩ ሳያልቅ። የአትክልት ተራ ሽንኩርት ተሸካሚ ስዬ ነበር፤ ትናንት ነጭ ቀባሁበት። ሳሎን የሚያሳምር ድህነት ሆነብኝ። አልፈልግም።

እማዬ ትላንትም የጎረቤታችን ልጅ መ/ቤት መቀጠሯን አነሳች። ሬሳ ከማልበስ ይሻላል ነው ነገሩ። ትዕግስት ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ተሳስታለች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ሳይሞቱ መጡ።

እትዬ አልማዝ። ውቤ በረሃ ቡና ቤት የነበራቸው። እማዬ ስማቸው ሲነሳ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔ ደግሞ ያኔ ነው ጆሮዬ የሚቆመው። በከዘራ ደረጃውን ወጡ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የለቅሶ ፎቶ ልነሳ አሉ። የማን ለቅሶ? የራሴ።

ሐኪም ያላቸውን ነገሩኝ፣ ስለ ታክሲ ወረፋ እንደሚያወራ ሰው። ቀጥሎ ትእዛዝ። ነጠላ የለም። ፀጉሬ ይታይ፣ ዛሬ ነው የተሠራሁት። የወርቅ ጥርሴም ይታይ። ከቦርሳቸው የአረቄ መለኪያቸውን አውጥተው በመሐረብ ወለወሉና ያዙ።

ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቅሶ ላይ ጥርስ ማሳየት ነውር ነው አሉ። እትዬ አልማዝ ቀስ ብለው ዞሩባቸው። የድሮ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ በየቀብሩ ያንኑ ሱፍ እንዳዩ ተናገሩ። ሁሉም አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዱ ነበር ብለው ኖረዋል።  ሼባው ሙድ ሲያዝባቸው ሳይ ይኸው የመጀመሪያዬ። እኔ ከካሜራው ኋላ በሳቅ ሆዴን ይዤ ስንፈራፈር እሳቸውም አላስቻላቸውም፤ ሳቁ። ከሆድ። ያን ጊዜ ነው ያነሳኋቸው።

ሲሄዱ እጄን ያዙ። ልጃቸው ሌላ ፎቶ እንደምታመጣ ያውቃሉ። ታፍርብኛለች፣ አልፈርድባትም አሉ። «አንቺ ግን እኔኑ አውጪኝ።» በሚካኤል ማልኩላቸው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ። ደስታ።

ፎቶውን በጥቁርና ነጭ፣ በትልቁ፣ ሸራ ላይ አሳትሜዋለሁ። አሁን ቀለም። ጋሽ በ. የቀለም ፎቶ ሳይመጣ በፊት ጉንጭ የሚያቀሉት በጥጥ ነበር፤ እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ እንደ ቅባት ማሸት። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። እሳቸው ግን ሰው ለማሳመር ነበር። እኔ ቀሚሱን የሚጮህ ቀይ አደረግኩት። ግድግዳውን የድሮ ቡና ቤት አረንጓዴ። የእጁን ደም ሥር አንድ በአንድ። ፊቱን ግን ከወርቅ ጥርሱ በቀር አልነካሁም፤ ፎቶ እንደሆነ ቀረ።

ጥርሱ አስቸገረኝ። ቢጫ ስቀባው የበቆሎ ፍሬ መሰለ። ጠረግኩት። እንደገና። ቡናማ፣ ከላዩ ትንሽ ብርቱካን፣ ጫፉ ላይ የነጭ ነጥብ። በራልኝ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጨፈርኩ፣ ማን አየኝ።

ከሰዓት በስልኬ አንስቼ ውቤ በረሃ ወሰድኩላቸው። ተኝተዋል። ቀና አድርጌ ትራስ ደገፍኳቸው። ብዙ አዩት። ከንፈሬ ገርጥቷል አሉ። «ቀላ አድርጊው፤ ልሞት ነው እንጂ አልሞትኩም።» ለኤግዚቢሽኑ ላቅርበው ወይ ስላቸው፣ ድሮም ሰው እኔን ሊያይ ነበር የሚመጣው አሉ። ጋሽ በ. ጋ ደውዬ ስልኩን ለእትዬ ሰጠሁና ይህንኑ አስደገምኳቸው፤ አለበለዚያ ሸራውን ከቤቱ አላስወጣም ይሉኛል። በስልክ ውስጥ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ሰሙ ግን።

ከንፈሩን አቀላሁት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጭስ። ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ በር ላይ ያነዳል። የእድሩ ጡሩምባ በጭሱ መሃል ተነፋ። እትዬ አልማዝ አርፈዋል። በሚካኤል ቀን። እማዬ ዓይኔን አይታ ጭሱ ነው አለች፣ እኔም አዎ ጭሱ ነው አልኩ።

ረፋድ፣ ፎቶ ቤት። ልጃቸው ወ/ሮ ሰናይት መጣች። በእጇ የቀበሌ መታወቂያ፤ አፍ ግጥም፣ ዓይን ፍጥጥ ያለበት። ነጠላ አልብሱልኝ አለች። እኔ ትክክለኛውን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩት። ገና ብልጭ ሲል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እናቴን በብርጭቆ ነው የምትቀብሩልኝ?» ት/ቤት የቡና ቤት ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው። የባሏ ዘመዶች ቀብር ይመጣሉ። ለአንድ ቀን እንደ ሰው እናት ይሁኑልኝ አለች።

አንጀቴን በላችው፣ አልዋሽህም። ግን ምያለሁ። እናትሽ እንዲህ ብለው አዘውኛል አልኳት። አልሰማችም። ጋሽ በ. ሥሪው አሉኝ። አልሠራም አልኩ። ተነሺ አሉኝ። ተነሳሁ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ተቀመጡ፤ ለኮምፒውተር እንኳ እንግዳ ናቸው። ወጣሁ። ይሥሩት።

ያው ቀን፣ አመሻሽ

ከቀብር ተመለስን። እንዴት ብዬ ልንገርህ።

ፎቶው ከፊት ተይዞ መጣ። ነጠላ፣ የተዘጋ አፍ። ከዚያ አንገቱን አየሁ። ንቅሳት። ጋሽ በ. ማጥፋቱን አያውቁትም፤ የጎንደሯን እናት አንገት ከነንቅሳቱ ለእትዬ አልማዝ ገጥመውላቸዋል። የአራዳ ልጅ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ አንገታቸው ላይ ቀለበት በቀለበት።

እማዬ ጎሸም አደረገችኝ። አልማዝ ደግሞ መቼ ነው የተነቀሰችው አለች። ከኋላዋ ያሉት ሰሙ፣ ሹክሹክታው ረድፍ በረድፍ ሄደ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩት፤ ይቺ አልማዝ አይደለችም አሉ። በግቢው ሌላም ቀብር ነበርና ተሳስቼ መጣሁ ብለው ወደዚያኛው ሄዱ። እዚያ ማን ይሁን ማን ቆመው አለቀሱ። ልጠራቸው ፈለግኩ፣ አልጠራኋቸውም።

ወ/ሮ ሰናይት ያኔ ነው ቀና ብላ ፎቶውን ያየችው። ፊቷን ባየኸው። ደስ አላለኝም። እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል። ቶሎ ጠፋ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሠልስት ነው ዛሬ። ወ/ሮ ሰናይት ከሠልስቱ ተነስታ መጣችብኝ።

ሆን ብዬ እንዳደረግኩት እርግጠኛ ናት። ቂሜን በእናቷ አንገት እንደተወጣሁ። ሆን ብዬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኳት። ጋሽ በ. እዚያው ቆመው ነበር። አንድ ቃል፣ እኔ ነኝ የሚል አንድ ቃል። ዝም። ስለ ኤግዚቢሽኑም ሰምታለች፤ ውቤ በረሃ ምን ይደበቃል። ሸራው ከመጋረጃው ኋላ ነበር፣ ልታየው እንኳ አልፈለገችም። ከሰቀልሽው በእጄ አውርጄ እቀድደዋለሁ ብላ ወጣች።

ደሜ ፈላ። ጋሽ በ.ን የማይባለውን ሁሉ አልኳቸው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ዝምታቸውስ ከየትኛው ሱፍ ኪስ እንደወጣ። ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ።

ቤት ደግሞ እማዬ። ሰው ምን ይላል። ተይው፣ የሞተ አያይ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ አልኳት። ነጠላ ጫማዋን አነሳች። አየችኝ፣ አየችኝ፣ መልሳ አስቀመጠችው። እራት አብረን በላን።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የአዳራሹ ኃላፊ ደወለ። ትሁት ሰው፣ ትህትናው ራሱ ያናድዳል። ቤተሰብ ቅሬታ አቅርቧል። ያንን ሽንኩርት ተሸካሚ ለምን አታመጪም? ነጭ ቀብቼዋለሁ አልኩት። እንግዲያው ተፈጥሮ ነገር፣ ተራራ፣ ወንዝ። ወይ እትዬ አልማዝ ይሰቀላሉ፣ ወይ ስሜ ያለበት ባዶ ሚስማር ይሰቀላል አልኩት።  ከዚያ ሴትየዋ መፍቀዳቸውን የሰማ ሰው አለ ወይ አለኝ።

አለ። አንድ ሰው አለ። ወይ ጉዴ።

ደረጃውን ስወጣ ኩራቴ በየእርከኑ ወደኋላ ይጎትተኝ ነበር። ጋሽ በ. ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አልጮህኩም፣ አልለመንኩምም። ኃላፊው እንዲህ ይላል፣ እርስዎ በጆሮዎ ሰምተዋል፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ አልኩ። ስልኬን ተቀበሉኝ። በዚያ በጉሮሯቸው ጠረጋ ጀመሩ። እዚሁ ወንበር ላይ ሳሉ እኔኑ አውጪኝ ማለታቸውን ነገሩት። ለኤግዚቢሽኑም እሺ ማለታቸውን በስልክ ሰምቻለሁ አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንገቱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አይደለችም አሉ። ለወ/ሮ ሰናይትም ደውለው ይህንኑ ደገሙት። ያለቅሱ ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ይቅርታ አላሉኝም። ወንበሩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ክርናቸው ላይ የተጠገነ ሹራብ ለብሰዋል። አንሺኝ አሉ። «ያን ሱፍ እንዳታለብሺኝ።» አነሳኋቸው። አልሳቁም፤ ግን ራሳቸውን ይመስላሉ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ኃላፊው እሺ ብሏል። ነገ ይከፈታል።

ሸራውን በአንሶላ ጠቅልዬ ታክሲ ልጭን ብል ወያላው ለሁለት ሰው ክፈይ አለኝ። ሁለት ነን አልኩትና ትቼው ሄድኩ። ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግር። ትንሽ ሄጄ አንሶላውን ገፈፍኩት። ለምን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ይሸፈናሉ? ፊታቸውን ወደ ሰው አዙሬ ተሸከምኳቸው። ነፋሱ እየገፋኝ፣ እጄ እየዛለ። ሊስትሮዎቹ አወቋቸው። የወርቅ ቤት ሴትዮ ከበር ወጥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዱ ደፋር ለማን ነው የምትስቀው አለኝ። ላንተ ነው አልኩት።

ያ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ። መንገድ ዳር ቆመው ነበር፣ ደብተር፣ እግዜር ያሳይህ። አስቆሙኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አዎ፣ ይቺ ናት አሉ። የሰው ቀብር ላይ አልቅሰው የተመለሱት እሳቸው፣ አሁን እዚያው አስፋልት ዳር ለትክክለኛዋ አለቀሱ። ሸራውን መሬት ላይ አቁሜ ያዝኩላቸው። ታክሲው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋ፣ ይንፋ።

አዳራሽ። ርዕስ ስጪው አሉኝ። «እትዬ አልማዝ በገዛ አንገታቸው» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አንብቦ ራሱን አከከ፣ ግን ለጠፈው።

እማዬ ነገ ትመጣለች። የምትለብሰውን እየመረጠች ነው፤ ለማየት አይደለም፣ አንቺን ሰው እንዳይመታብኝ ነው ትላለች።

ወ/ሮ ሰናይት መልእክት ልካለች። የአንገቱ ጥፋት የኔ አለመሆኑን ሰምታለች፤ ቃሏ ግን ቃሏ ነው። ነገ መጥታ በእጇ ታወርደዋለች።

ትምጣ። አልይዛትም፣ አልታገላትም። ሦስት ጊዜ አይታዋለች ሊባል ይችላል፤ በስክሪን፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ በወሬ፤ አንድም ጊዜ ግን አላየችውም። ሁሌ ፊቷን ሸፍና ነው። እናቷ ሲስቁ ምን እንደሚመስሉ የረሳች ይመስለኛል።

ስለዚህ ኃላፊውን መሰላል ለመንኩት። ከሌሎቹ ሥዕሎች ሁሉ በላይ ሰቀልኳቸው፣ ጣራው ሥር። ለማውረድ ቀና ብላ ማየት አለባት።